ነጯን አይጥ በቆላ ማሳደግ

አይጥ ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ወጥመድ፣ መርዝና ድመት ነው። በገንዳ ውሃ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ (ሽኸዲ እያሉም ይጠሯታል) ኑሮዋ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ላይ የቆመ ነው። ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት መጋዘኑ፣ ጓዳው፣ የሱቁ ጀርባ ሁሉ በጆንያ ይሞላል፤ ጆንያ ባለበት ደግሞ አይጥ አለ። እንዲህ ባለ አገር "አይጥ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይያዛል?" ብሎ መጻፍ እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል።

ጥያቄው ግን መነሳቱ አይቀርም። ለሥራ ወደ ቆላው የሚዛወሩ የባንክ፣ የጉምሩክ፣ የጤናና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ልጆቹ ውጭ አገር ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ነጭ አይጥ በመዳፋቸው ይዘው ሲጫወቱ በስልክ ያያሉ። ውሻ ለማሳደግ ግቢው የጋራ ነው፤ ድመትን አከራይ አይወድም። አይጥ ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትኖራለች። ታዲያ ነጭ አይጥ ያጣ ልጅ ከማሳ ዳር ወይም ከመጋዘን ሥር ያገኛትን ግልገል በካርቶን ደብቆ ወደ ቤት ቢያመጣ ሊገርመን አይገባም። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ከማሳ በተያዘች አይጥና ትውልድ ከትውልድ በሰው እጅ በተዋለደች አይጥ መካከል ያለው ልዩነት የቀለም ሳይሆን የጤና ልዩነት ነው።

የማሳው አይጥ

በአማርኛ "አይጥ" ብለን የምንጠቅልላቸው እንስሳት እጅግ ብዙ ዓይነት ናቸው። ትልቁን አይጠ መጎጥ፣ ከመሬት ሥር የሚኖረውን ፍልፈል ብለን እንለያለን፤ የቀሩት ሁሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። በሰሜን ምዕራብ ቆላና በሱዳን ድንበር ሜዳዎች የሚገኙትን ብቻ ብናይ እንኳ በርካታ ናቸው። በቀን ብርሃን የምትንቀሳቀሰውና በሳር መካከል መንገድ የምታበጀው የአባይ የሳር አይጥ (በሳይንሳዊ ስሟ አርቪካንቲስ) አንዷ ናት። ማስቶሚስ የተባለችው ደግሞ ሴቷ እስከ 12 ጥንድ ጡት ሊኖራት ስለሚችል ባለ ብዙ ጡት ትባላለች፤ ጥሩ ዝናብ በጣለበት ዓመት ቁጥሯ እንዴት ፈጥኖ እንደሚጨምር ለመገመት ይህ ብቻ ይበቃል። የኋላ እግራቸው ረጅም የሆነ፣ በሌሊት የሚወጡ ጀርቢሎችም አሉ።

ከሁሉም ይልቅ ልጆችን የምትማርከው አኮሚስ ወይም እሾሃማዋ አይጥ ሳትሆን አትቀርም። ጆሮዋ ሰፊ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ የጀርባዋ ጸጉር እንደ ጃርት የሻከረ ነው። የዚህች አይጥ ቆዳ በቀላሉ ይቀደዳል፤ አውሬ ሲይዛት ቆዳዋን ጥላ ታመልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣና በኬንያ አኮሚሶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የተቀደደው ቆዳ ከነጸጉሩ መልሶ ይበቅላል። በአውሮፓና በአሜሪካ የእርሷ ዘመዶች በቤት እንስሳነት ይሸጣሉ። ይህን የሰማ ሰው "እኛ ደጅ በነጻ እያለች?" ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እዚያ የሚሸጡት በሰው እጅ የተዋለዱ እንጂ ከዋልካ አፈር ስንጥቅ የተጎተቱ አይደሉም።

የመተማና የሁመራ ቆላ በኢትዮጵያ ካላዛር (የሆድ ውስጥ ሌሽማንያሲስ) በስፋት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ነው። በሽታው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክሳት ያስከትላል፤ ካልታከመም ይገድላል። ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው በስንጥቅ ጥቁር አፈርና በግራርና በደኖ ዛፎች አካባቢ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ናት። በሱዳን በኩል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በኋላም በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች የበሽታው ተውሳክ ወይም ዘረ መሉ የሳር አይጥን በመሳሰሉ የዱር አይጦች ላይ ተገኝቷል። ይህ ማለት አይጥ ሰውን በቀጥታ ካላዛር ታሲዛለች ማለት አይደለም፤ አስተላላፊዋ ዝንቧ ናት፤ የአይጧ ድርሻም እስካሁን ተመራማሪዎችን እንዳከራከረ ነው። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" እንዲሉ፣ እዚህ ላይ ዳዋዋ አይጧ ራሷ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም ልጅ ከአይጥ ጉድጓድ ዳር፣ ከአፈር ስንጥቅ አጠገብ፣ ምሽት ላይ ቁጭ ብሎ ግልገል ሲጠብቅ ዝንቧ የምትናከስበትን ቦታና ሰዓት እንደመረጠ ይቆጠራል።

ከካላዛር ሌላ የዱር አይጥ በሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስን፣ በኩሷ ሳልሞኔላን፣ በንክሻዋ የአይጥ ንክሻ ትኩሳትን ልታስተላልፍ ትችላለች። አይጥ ያለበትን ጉድጓድ እባብም ይጎበኘዋል። በዚሁ ዞን አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከካላዛር ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉ ሰዎችን ለዓመታት ሲያክም የቆየው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዱር አይጥን በቤት እንስሳነት መያዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም በደንብ ያየው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከጋና ወደ አሜሪካ ለሽያጭ ከተላኩ የዱር አይጦችና መሰል እንስሳት መካከል አንዳንዶቹ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይዘው ነበር። በሽታው በአንድ ነጋዴ ቤት አጠገባቸው ወደ ነበሩ ፕሬሪ ዶግ የተባሉ እንስሳት ተላለፈ፤ ከእነርሱም በ6 ግዛቶች የሚኖሩ 47 ሰዎች እንደያዛቸው በምርመራ ተረጋገጠ ወይም ተገመተ። የሞተ ሰው ባይኖርም የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የአፍሪካ አይጦች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከልክሏል። የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ ክልከላ ዛሬም አልተነሳም። ስለዚህ "ለልጄ የአገር ቤት አይጥ ልውሰድላት" የሚል ዘመድ ካለ ሻንጣው ቦሌን ቢያልፍ ዳላስ ላይ አያልፍም።

ነጯ አይጥ ከየት መጣች?

በሰው እጅ የምትኖረው ነጭ አይጥ የቤት አይጥ (ሙስ ሙስኩለስ) ዝርያ ናት። ቻይናውያንና ጃፓናውያን ለቀለሟ ሲሉ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያዋልዷት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1895 ብሔራዊ የአይጥ ክበብ አቋቁመው እንደ ፈረስና እንደ ውሻ የአይጥ ውድድር ማካሄድ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ቤተ ሙከራዎች ፊታቸውን ወደ እነዚህ አዋላጆች አዞሩ። በማሳቹሴትስ ግዛት አቢ ላትሮፕ የተባሉ ሴት ለቤት እንስሳነት ሲያራቧቸው የነበሩት አይጦች ለካንሰር ምርምር ተሸጡ፤ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች እጅግ የተለመደችው ጥቁሯ አይጥ ዘሯ የሚቆጠረው ከእርሳቸው ቤት ነው።

አገራችን ውስጥ የምትታወቀው ግን "ስዊስ አልቢኖ" የምትባለው ነጯ ናት። ስሟን ያገኘችው ከስዊዘርላንድ ነው፤ ክላራ ሊንች የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ከሎዛን ወደ ኒውዮርኩ ሮክፌለር ተቋም 2 ወንድና 7 ሴት አይጦች ወስደው ነበር፤ በየአገሩ የተሰራጨው ዘር መነሻው እነዚያ 9 አይጦች ናቸው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትራባ ቆይታለች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ተመራቂዎች የሚጽፏቸውን ጥናቶች ያገላበጠ ሰው ይቺን አይጥ ደጋግሞ ያገኛታል። የባህል መድኃኒት የሆነ ቅጠል ወይም ሥር ተጨምቆ፣ የአይጥ ወባ ለተሰጣቸው ነጭ አይጦች 4 ቀን ይሰጥና በደማቸው ያለው ተውሳክ መቀነሱ ይታያል። ወባ የመተማን ሰው እንዴት እንደሚያሰቃይ ለሚያውቅ፣ ይህች አይጥ ገንዳ ውሃን ሳትረግጥ ለገንዳ ውሃ ስትሠራ ኖራለች ማለት ይቻላል።

ነጭ አይጥ በየሱቁ የምትገኝ ሸቀጥ አይደለችም። የሚያገኝ ሰው ከማን እንዳገኘ፣ ወላጆቿ የት እንደኖሩና ለሙከራ ውላ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ለበሽታ ወይም ለመርዝ ሙከራ የዋለች አይጥ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤት መውጣት የለባትም፤ "አዝኜላት አወጣኋት" የሚል ተማሪ ቢገጥማችሁ እሺ አትበሉት።

አመራረጥ

ለማላመድ የምትቀለው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ያላት ናት። ከ3 ሳምንት በታች ከሆነች ጡት አልጣለችም። ጤነኛ አይጥ ጸጉሯ ለስላሳና የተኛ፣ ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋና ቂጧ ደረቅ፣ አካሄዷ ቀጥ ያለ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ደንግጣ ትሸሻለች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ምን መጣ ብላ ለማሽተት ትመለሳለች። ጥግ ላይ ጸጉሯን አቁማ፣ ጀርባዋን አጉብጣ የተቀመጠችው "ረጋ ያለች" ተብላ እንዳትመረጥ፤ የታመመች አይጥ መልኳ ይኸው ነው። ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጎ ትንፋሿን ማዳመጥም ይጠቅማል። ጤነኛዋ ድምፅ የላትም፤ ቀጭ ቀጭ ወይም ሲር ሲር የምትል ከሆነ ሳንባዋ ተነክቷል። ደግሞ የተመረጠችውን ብቻ ሳይሆን አብረዋት ያሉትን ሁሉ መመልከት ይገባል። አንዷ ካስነጠሰች ሁሉም ይዘውታል።

ነጭ አይጦች ዓይናቸው ቀይ ነው፤ እይታቸውም ደካማ ነው፤ ከስዊስ ወገን ብዙዎቹ በተፈጥሮ ዓይነ ስውር እስከ መሆን ይደርሳሉ። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ስታወዛውዝ ብታዩ አትደንግጡ፤ በአፍንጫዋና በጢሟ ዓለምን እየለካች ነው። ኃይለኛ ብርሃን ግን ያላትንም እይታ ያጠፋዋል።

አይጥ ብቻዋን መኖር አትወድም፤ 2 ወይም 3 እህትማማች ሴቶች የተሻለ ምርጫ ናቸው። ወንዶች ሲያድጉ ይጣላሉ፤ ሽንታቸውም ይከረፋል። ጾታን ለመለየት ጭራዋን ቀስ ብሎ ከፍ አድርጎ በመራቢያ አካሏና በፊንጢጣዋ መካከል ያለውን ርቀት ማየት ነው፤ በወንዱ ርቀቱ ከሴቷ እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ሴቷ የምታረግዘው ለ3 ሳምንት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ 6፣ 8፣ አንዳንዴም ከ10 በላይ ትወልዳለች፤ በወለደች በማግሥቱ እንደገና ማርገዝ ትችላለች፤ ልጆቿም በ6 ሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመስከረም የገዛ ቤተሰብ ለገና ስንት አይጥ እንደሚኖረው ማስላቱን ለልጆቹ የሒሳብ የቤት ሥራ መስጠት ይቻላል።

ቤቷ

እንጨት ትቆረጥማለች፤ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድግ ስለሆነ መቆርጠም ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ቤቷ ከብረት ሽቦ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክና ከሽቦ ክዳን ይሠራ። ለ2 ወይም 3 አይጥ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ከፍታ ያለው ይበቃል። የሽቦው ክፍተት ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ጭንቅላቷ ከገባ መላ አካሏ ይገባል። የብየዳ ባለሙያ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ቀለም ባይቀባው ይመረጣል፤ ትልሰዋለችና። የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ደጋ ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ ቆላ ላይ ግን ምጣድ ነው።

ለጉዝጓዝ ብዙ ሰው የሚያስበው ሰጋቱራ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ከምን እንጨት እንደመጣ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥድ ሰጋቱራ ሽታው ለሰው ደስ ቢልም ያ ሽታ ለአይጥ ሳንባና ጉበት ጎጂ ነው። በውጭ መጻሕፍት "የቀይ ሴዳር ሰጋቱራ አትጠቀሙ" ተብሎ የሚጻፈው እንጨት በእጽዋት ሳይንስ የእኛው ጥድ ወገን ነው። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራም ያው ሽታ አለበትና ይቅር። ደቃቁን ዱቄት በወንፊት አውጥቶ መጣል፣ ላዩን የተቀዳደደ ሶፍት ወይም ያልታተመበት ወረቀት መጨመር ነው፤ ጎጆዋን ራሷ ትሠራዋለች። መሸሸጊያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የተሰበረ ማሰሮ ወይም ጀበና ጠርዙ ተሞርዶ ቢገባላት ከማንኛውም የፕላስቲክ ቤት ይበልጣል።

በሳምንት አንዴ ይጽዳ። ሁሉን ነገር አጥቦ አዲስ ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ የራሷን ሽታ ስታጣ ትጨነቃለች፤ አብረዋት ካሉትም ጋር ትጣላለች። ከአሮጌው ጎጆ አንድ ጭብጥ መልሶ ማስገባት ይበቃል። ቆላ ላይ ሌላው ጠላት ጉንዳን ነው። የጠረጴዛውን 4 እግሮች ውሃ በያዘ ጣሳ ማቆም የቆየ ዘዴ ሲሆን እዚህም ይሠራል። ጣሳው የወባ ትንኝ እንዳያራባ ግን ውሃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ሙቀቱ

ስለ አይጥ አያያዝ የተጻፉ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚጨነቁት ስለ ብርድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ትክክል ናቸው። አይጥ ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት የማታወጣበት ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ በኅዳር ሌሊት የአዲስ አበባ ሳሎን ለእርሷ ብርዳም ነው፤ ወፍራም ጎጆ ትፈልጋለች። መተማ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አይጥ አታልብም፤ እንደ ውሻም አለክልካ ራሷን በሚገባ ማቀዝቀዝ አትችልም። ያላት መሣሪያ ጭራዋና ምራቋ ብቻ ነው፤ ሲብስባት ምራቋን ጸጉሯ ላይ ትቀባለች። አየሩ ከ35 ዲግሪ አልፎ ለሰዓታት ከቆየ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

ቬንትሌተር መፍትሔ ይመስላል። ሰውን የሚያቀዘቅዘው ግን ላቡን ስለሚያደርቅ ነው፤ ላብ ለሌላት አይጥ የሞቀ አየር ብቻውን ቢነፍስባት የሚፈይደው ትንሽ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያም አይኖርም። ከዚህ ይልቅ የአገሩ ሰው ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ጥበብ ይሻላል። ሱዳኖች ዚር የሚሉትም ሆነ የእኛ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ላዩ ላይ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። በደረቁ ወቅት እርጥብ ጆንያ ወይም ነጠላ ከሽቦ ቤቷ ጎን (ሳይነካት) ቢሰቀልና አየር ቢያገኝ በውስጥ ያለውን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ይቀንሰዋል። ክረምት ሲገባ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ዘዴው ይደክማል፤ ደግነቱ ያኔ ሙቀቱም ይበርዳል።

የቦታ ምርጫም ከዚህ አያንስም። በቆርቆሮ ክዳን ቤት ሙቀቱ ከላይ ስለሚወርድ ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠች አይጥ ከወለሉ አጠገብ ካለችው ይልቅ ትጠበሳለች። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ይቅር። ፀሐይ የማያርፍበት ግድግዳ ጥግ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ጥሩ ነው፤ እባብና ድመት እንዳይደርሱባት ክዳኑ በሚገባ ይቆለፍ። በቤቷ ውስጥ አንድ ቁራጭ የወለል ሴራሚክ ማስገባት ሌላው ቀላል ዘዴ ነው፤ ሆዷን አስተኝታ ትቀዘቅዝበታለች። ፍሪጅ ያለው ሰው በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዞ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከቤቷ አንድ ጥግ ያስቀምጥ፤ ሌላውን ጥግ ግን ባዶ ይተው፤ ስትፈልግ ትጠጋለች፣ ሲበርዳት ትሸሻለች።

አይጧ ሆዷን አስተኝታ ተዘርራ፣ አገጯ በምራቅ ርሶ፣ በፍጥነት ስትተነፍስ ከተገኘች ሙቀት መቷታል። ወዲያውኑ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መውሰድ፣ ጭራዋንና እግሮቿን በቀዝቃዛ (በረዶ ባልሆነ) እርጥብ ጨርቅ መንካት፣ ራሷን ስታውቅ ውሃ ማቅረብ ነው። በአፏ ውሃ ማፍሰስ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። በረዶ ውስጥ መንከርም በድንጋጤ ይገድላታል።

ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ አይጥ ይዞ መውረድም ይኸው ጥንቃቄ ያሻዋል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ወደ መተማ ሲወረድ 700 ሜትር አካባቢ ይደረሳል፤ በአንድ ቀን ጉዞ ከካፖርት ወደ ሸሚዝ የሚቀየርበት መንገድ ነው። በሌሊት ወይም ንጋት ላይ መነሳት፣ ውሃ እንዳይፈስ ከጡጦ ይልቅ ዱባ ወይም ኪያር ማስገባት፣ መኪና ቆሞ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እርሷንም ይዞ መውረድ ይገባል።

ምግብና ውሃ

አንዲት አይጥ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ትበላለች፤ ከሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። መሠረቱ ስንዴ፣ አጃ፣ ገብስ ወይም የአካባቢው ማሽላ ይሁን፤ በጥቂቱ ምስር ወይም የተፈጨ ሽምብራ ይጨመርበት። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የጥፍር ያህል የተቀቀለ እንቁላል፣ ትንሽ ካሮትና ቆስጣ ይበቃታል። ጨውና በርበሬ የነካው የሰው ምግብ አይሰጥ። ቸኮላታም ይከለከላል። ገንዳ ውሃ ላይ ሰሊጥ ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የመስጠት ፈተና አለ፤ የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ለማላመጃ ሁለት ሦስት ፍሬ በጣት መስጠት ግን ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል።

እህሉ ከየት እንደመጣ ማወቅም አስፈላጊ ነው። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ (ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ) እህል መርዝ ነው። በመጋዘን ለተባይ የሚቀመጠው የአልሙኒየም ፎስፋይድ ጽላት እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ አይጥን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የተኛን ሰውም ይገድላል። አይጥ ማስታወክ አትችልም፤ አንዴ የዋጠችውን መርዝ የምታወጣበት መንገድ የላትም። ነጭ አይጥ እያሳደጉ በዚያው ቤት ለዱሮቹ መርዝ መርጨት አይቻልም፤ ወጥመድና ድፍን የእህል ማስቀመጫ በቂ ናቸው። የዶሮ መኖም መድኃኒት ሊጨመርበት ስለሚችል አይመከርም።

በቀን 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ከዚያ በላይ። በሳህን ከቀረበላት ጉዝጓዝ ትሞላዋለች፤ ጫፉ የብረት ኳስ ያለው ጡጦ የተሻለ ነው። ኳሱ ሊደፈን ስለሚችል በየቀኑ በጣት መንካት ያስፈልጋል። ለቆላው ሁለት ጡጦ ይሰቀል።

እጅ ማልመድ

መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምንም አለማድረግ ነው። ከዚያ እጅን አስገብቶ ማቆየት፤ ራሷ መጥታ ታሸታለች። በጭራዋ ማንሳት ልማድ ነው፤ በየቤተ ሙከራውም ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። እንግሊዛዊቷ ጄን ኸርስትና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ግን በጭራቸው የተነሱ አይጦች ሰውን እየፈሩ ሲሄዱ፣ በሁለት መዳፍ ታቅፈው ወይም በትንሽ ቱቦ ውስጥ ገብተው የተነሱት ራሳቸው ወደ እጅ እንደሚመጡ አሳይተዋል። የሶፍት ካርቶን ቱቦ ለዚህ ምርጥ ነው። ልጆች ወለል ላይ ተቀምጠው ይያዟት፤ ከቁመት ከወደቀች ትሰበራለችና። ከነካኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ቀልድ የለውም።

ብትነክስስ? በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ ይቀድማል። አይጥን የመሳሰሉ ትንንሽ እንስሳት የእብድ ውሻ በሽታ ለሰው ያስተላለፉበት አጋጣሚ እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ የቤቷ አይጥ ስትነክስ ስለዚህ መጨነቅ አያስፈልግም። የነከሰችው የዱር አይጥ ከሆነች ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ግን ሐኪም ጋ መሄድና "አይጥ ነክሳኝ ነበር" ብሎ መናገር ነው። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረ ሐኪሙ በዚያ አገር መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው።

ሕመም

የአይጥ ትልቁ ሕመም የሳንባ ነው። መተማ የዕጣን አገር ነው፤ ዕጣን የሚፈስበት ዋልያ መቀር የሚባለው ዛፍ ጫካው እዚያ ነው። ቡና ሲፈላ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። ለእርሷ ግን ዕጣንም ሆነ የከሰል ጭስ መርዝ ነው፤ ቡናው እስኪጠጣ ወደ ሌላ ክፍል ትወሰድ። ከዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች ጡታቸው ላይ እባጭ ያወጣሉ፤ ጥርሷ ካደገ መብላት ያቅታታል፤ ጸጉሯ የሚረግፍና የምታክ ከሆነ ቅማል ወይም ቅንቅን አለባት። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መመዘን ሁሉንም አስቀድሞ ይነግራል፤ ያደገች አይጥ ከ20 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች፤ ሦስት አራት ግራም በድንገት መቀነስ ለእርሷ ብዙ ነው። በቆላው ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የለመዱት ከብትና ግመል ቢሆንም የመድኃኒት መጠንን በግራም አስልቶ መስጠት ይችላሉ፤ ከባድ ነገር ሲሆን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉትን የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ማማከር ይቻላል። የሰው አንቲባዮቲክ በግምት ሰብሮ መስጠት ከሕመሙ ቀድሞ ይገድላል።

አይጥ የማይስማማቸው ቤቶችም አሉ። የሽንቷ ፕሮቲን አስም ያለበትን ልጅ ያስነሳበታል። ነፍሰ ጡር እናት፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት ብትቀር ይሻላል። የቤት አይጥ ኤልሲኤም የተባለ ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ጤነኛ ሰው እንደ ጉንፋን ያልፈዋል፤ ፅንስን ግን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ከአንዲት ሟች አካል የተለገሳቸው 4 ሕሙማን በዚሁ ቫይረስ ተይዘው 3ቱ ሞተዋል፤ ምንጩ በለጋሿ ቤት የነበረች ሃምስተር ሆና ተገኝታለች።

አንዲት አይጥ ብትኖር 2 ዓመት፣ በጣም ከሰነበተች 3 ዓመት ነው። ይህን ልጁ ገና ሲቀበላት ሊያውቅ ይገባል። የሥራ ዝውውር የመጣበት ቤተሰብ አይጧን "ሂጂ" ብሎ ማሳ ላይ ቢለቃት ነጭ ገላዋ ለጭልፊት ምልክት ነው፤ በሕይወት ብትቆይም በሽታዋን ለዱሮቹ፣ የእነርሱንም ወደ ሰው ቤት ልታመላልስ ትችላለች። ተቀባይ ፈልጎ ከነቤቷ ማስረከብ ነው። የሞተችውን በላስቲክ ይዞ፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት መቅበር፤ ጉዝጓዙን ማቃጠል፤ የሽቦ ቤቱን በበረኪና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት። በገንዳ ውሃ ፀሐይ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።